አንገትሽ ያለሰልሰዋል

ማንገቻው ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ቆመ።

ራትሪ ካሜራዋን ያስቀመጠችው እንደ ሌሎቹ ነበር። የሌሎቹ ማንገቻ ግን ተልፈስፍሶ ጎን ለጎን ሲጋደም፣ የእሷ እንደ ቅርጫት እጀታ ወደ ላይ ጎብጦ ቀረ። የፎቶ ክበቡ ልጆች ዞረው አዩት። ከመካከላቸው ባጋስ ጎንበስ ብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ኳ፣ ኳ አለ።

«ዘይት አግሉልኝ» አለ ባጋስ ቀና ሳይል። «ክሩፑክ ነው እኮ። እናንተ ጥበሱት፣ እኔ የሚያቃጥለውን ማጥቀሻ፣ ሳምባሉን አመጣለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። በዘይት ተጠብሶ የሚበላው የጎሽ ቆዳ ክሩፑክ በየሱቁ ደጃፍ በላስቲክ ታስሮ ስለሚንጠለጠል ቀልዱ ማንንም አላመለጠውም። ራትሪም ሳቀች። ቆይቶ ሲታሰባት ከሁሉም የሚያሳፍራት የራሷ ሳቅ ነበር።

ጥፋቱ የባልዲው ውሃ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። አብራት ከምትኖረው ከአክስቷ ወጥ ቤት የኮኮናት ዘይት ወስዳ ቀባችው፤ ቆዳው ዘይቱን አልጠጣም፣ ጉንዳን ብቻ ጠራ። ጠርሙስ ላይ ጠቀለለችው፤ ስትለቀው ተፈናጥሮ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አልጋው እግር ላይ አዙራ ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው መዳፏ ተላጠ እንጂ እሱ ምንም አልሆነ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ቆዳው ረጥቦ እንደ ጨርቅ ሲለሰልስላት ከደስታዋ ብዛት አክስቷን ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ወንበር ላይ አሰጣችው። ጠዋት ስታነሳው የወንበሩን መደገፊያ ቅርጽ እንደያዘ ደርቋል።

«ተዉአት እንጂ» አለች ናዲፋ።

ራትሪ ከገጠር መጥታ እዚህ ዮግያካርታ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን፣ አነጋገሯን እየሰሙ ከሚስቁት መሃል ተነስታ አጠገቧ የተቀመጠችው ናዲፋ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ራትሪን አንድ ቃል ቢናገራት መልሱን ቀድማ የምትሰጠው እሷ ናት።

«ግን የምርሽን፣ ይሄን ማን ነው የሰጠሽ?» አለቻት።

መልሱ አጭር ነበር። «አያቴ» ማለት ብቻ። ምባህ ዊርዮ፤ ሽማግሌ ሁሉ «ምባህ» እየተባለ ነው የሚጠራው፤ እናትና አባቷ ለሥራ ባሕር ተሻግረው ካሊማንታን ከሄዱ ወዲህ ያሳደጓት አያቷ፤ ከከተማው በስተደቡብ፣ ኮረብታው ሥር ባለው መንደር፣ ሸራ ላይ ለሚታይ የጥላ ጨዋታ የሚሆኑ የቆዳ አሻንጉሊቶችን የሚቀርጹት። ነገር ግን ክፍሉ ገና ስቆ አልጨረሰም። ባጋስም ሌላ ቀልድ ሲያዘጋጅ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

«ገዝቼው ነው» አለች ራትሪ። «ማሊዮቦሮ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸጡልኝ።»

«እንደዚህ ሆኖ እያየሽው?»

«ይለሰልሳል ብለውኝ ነዋ። አንገትሽ ያለሰልሰዋል አሉኝ።»

«አንገትሽ ያለሰልሰዋል» አለ ባጋስ የሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ። «ወይ እሱ ይለሰልሳል፣ ወይ አንገትሽ ይበጠሳል። ሁለተኛውን አልነገሩሽም?»

ሳቁ በእጥፍ ጨመረ። ቃሉ ግን የምባህ ዊርዮ ነበር፤ እንዳለ የእሳቸው። ካሜራው የአጎቷ አሮጌ ካሜራ ነው፤ የፊተኛው ማንገቻው በስብሶ ስለተበጠሰ፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ሌላ ሠሩላት። ጠርዙን ሙሉ በመሮ እየበሱ የደመና ሐረግ አውጥተውበታል፤ የነገሥታት አሻንጉሊት ትከሻ ላይ የሚያወጡትን። በሁለት እጃቸው ይዘው አንገቷ ላይ ሲያጠልቁላት፣ «አዲስ ነገር መጀመሪያ ይኮራል» ነበር ያሏት። «አይዞሽ፤ አንገትሽ ያለሰልሰዋል።»

የክበቡ አስተማሪ ፓክ ሄሩ ካሜራውን አንስተው ማንገቻውን ወደ መስኮቱ አቀኑት። ብርሃን በቆዳው ውስጥ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ አለፈ።

«ይሄ እኮ ጥሬ ቆዳ ነው» አሉ። «አልለፋም። ፍቀው፣ ወጥረው፣ ፀሐይ ላይ ያደረቁት ነው፤ ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ። ዕድሜሽን ሙሉ ብትቀቢው አይለሰልስም፣ ልጄ። ለአሻንጉሊት ሥራ ነው የሚሆነው።»

«አጭበርብረዋታላ» አለች ናዲፋ። ፊቷ ቀላ።

ራትሪ ካሜራዋን ከመምህሩ እጅ ተቀበለች። አያቷ በሕይወታቸው የሠሩበት ቆዳ አንድ ዓይነት ብቻ እንደሆነ፣ ቆዳ ሲባል የሚታያቸው እሱ እንደሆነ አሁን ገባት። አላጭበረበሩም፤ ተሳስተው ነው። ግን ይህን ለማለት መጀመሪያ የቅድሙን ቃሏን መዋጥ ሊኖርባት ነው። ከአፍ የወጣ ደግሞ ተመልሶ ለመግባት ያስቸግራል።

«እንዲያውም ጥሩ ገጠመ» አሉ ፓክ ሄሩ። «የዘንድሮው ኤግዚቢሽናችን ርዕስ ጥላ ነው። እሑድ ወደ አሻንጉሊት ቀራጮቹ መንደር እንሄዳለን። ሥራውን በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ናዲፋ የራትሪን ክንድ ጨበጥ አደረገች። «ሰውየው ከዚያ መንደር ቢሆኑስ? ካገኘናቸው እኔ ተናግሬ አስለውጥልሻለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ።»

*

እሑድ ጠዋት ራትሪ አፍንጫና አፏን በማስክ ሸፍና፣ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ልትቀር አስባ ነበር። ግን ናዲፋ «ብታሚ እንኳ አዝዬሽ እሄዳለሁ» ብላት ስለነበር፣ የምትለውን እንደምታደርግ ስለምታውቅ መጣች።

«ጉንፋን ነው?» አለቻት ናዲፋ።

«ትንሽ።»

መንገዱ ዳር ትልልቅ ሰሌዳ የሰቀሉ፣ ቱሪስት የለመዱ የአሻንጉሊት ቤቶች አሉ። ከአንደኛው በር ላይ ይቆማሉ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ሚኒባሱ አልቆመም። በቀርከሃው ጫካ በኩል ታጠፈ። የመንደሩ አለቃ እንግዶቹን የመሯቸው ወደ አንጋፋው ቀራጭ ነው አሉ ፓክ ሄሩ፤ እሳቸው ሲቀርጹ ያላየ ሰው ሥራውን አይቻለሁ አይበል ብለዋቸዋል። ራትሪ ከዚህ በኋላ የተናገሩትን አልሰማችም።

ከሚኒባሱ ወርደው ሲሄዱ አንዲት ሴትዮ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጡ ነበር። ቡ ስሪ ናቸው፤ የአያቷ ጎረቤት፤ ራትሪን ሕፃን ሆና ያጠቧት።

«አንቺ ልጅ፣ መቼ መጣሽ?» አሉ።

ራትሪ ፊቷን ሳትመልስ አለፈች።

«እኛን ነው እንዴ?» አለች ናዲፋ።

«እንጃ።»

ምባህ ዊርዮ ቤታቸው በረንዳ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር። ለሠርግ የሚለብሷትን ባለ ጥለት ባቲክ ሸሚዝ እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፈዋታል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት እጃቸውን እየዘረጉ ሰላምታ ሰጡ። ራትሪ ጋ ሲደርሱ እጃቸው አየር ላይ ቆየት አለ። ያሳደጓትን ልጅ ማስክ አይደብቅባቸውም። ፊታቸው መብራት ጀመረ፤ አፋቸው ስሟን ሊጠራ ተከፈተ።

ራትሪ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አሻንጉሊቶች እንደምታይ ሆና ዞረች።

መልሳ ስታያቸው ፈገግታቸው አልጠፋም ነበር። ለሁሉም እኩል ተከፋፍሏል እንጂ።

ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ሥራውን አሳዩ። የጎሽ ቆዳ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ደጅ ቆሟል። ፊት ለፊታቸው ያላለቀ የንጉሥ አሻንጉሊት ተጋድሟል፤ መሮውን ትከሻው ላይ አሳርፈው በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ይመታሉ፤ በእያንዳንዱ ምት የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ትወጣለች። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበው ፎቶ አነሱ። ናዲፋ ግን ካሜራዋን አወረደች። ዓይኗ ከንጉሡ ትከሻ ወደ ራትሪ ማንገቻ፣ ከማንገቻው ወደ ንጉሡ ትከሻ ተመላለሰ። ያው የደመና ሐረግ ነው።

«ተይው» አለች ራትሪ በሹክሹክታ።

«አንቺ ዝም በይ አላልኩሽም?» ናዲፋ ወደ ፊት ቀረበችና ተንበረከከች። «ምባህ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ይሄን ማንገቻ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ምባህ ዊርዮ ቀረብ ብለው ማየት አላስፈለጋቸውም። «እኔ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር። «ምነው፣ አማረሽ?»

«ለጓደኛዬ ይለሰልሳል ብለው ሸጠውላት ነበር። ጥሬ ቆዳ ስለሆነ ግን አይለሰልስም። አንገቷን ልጦታል። ትምህርት ቤት ይስቁባታል።» ናዲፋ አንገቷን ሰብራ፣ እጆቿን አጣምራ፣ በጨዋ ደንብ ነበር የምትናገረው፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። «ቢለውጡላት ብዬ ነው።»

«ናዲፋ» አሉ ፓክ ሄሩ በዝግታ።

«የሸጥኩላት» አሉ ምባህ ዊርዮ። እየጠየቁ አልነበረም። ቃሉን እንደማያውቁት ዕቃ ገልበጥ አድርገው የሚያዩት ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ ራትሪ ዞሩ።

አሁን መናገር ትችል ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞሯል። ደጅ ዶሮ ጮኸ። ራትሪ ማስኩ ውስጥ የራሷ ትንፋሽ ፊቷን ሲያሞቀው ተሰማት፤ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች።

«አዎ» አሉ አያቷ። «ሸጬላቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከምንጣፉ ተነስተው ወደ እሷ መጡ፤ ከከተማ ለመጣ ደንበኛ እንደሚያደርጉትም ትንሽ ጎንበስ አሉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስቲ ይስጡኝ፣ ልየው።»

ያድርጉልኝ። ይስጡኝ። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አንቺ፣ ልጄ፣ ሲብስም አንቺ ዝንጀሮ ነበር የሚሏት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንገቷን አጎንብሳ ካሜራውን አወለቀች። ቋጠሮውን መጀመሪያ የቋጠሩት እሳቸው ስለሆኑ ጠፍሩን ሳያዩት ፈቱት። ቀና ሲሉ ሸሚዟ ኮሌታ ሥር ያለውን ቀይ ሰንበር አዩ። እጃቸው ወደ አንገቷ መሄድ ጀምሮ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለሰ።

«እኔ የማውቀው የአሻንጉሊት ቆዳ ብቻ ነው» አሉ ወደ ልጆቹ ዞረው። «አሻንጉሊት ደግሞ ቀጥ ሲል ነው ደጉ። ወገቡ የሚታጠፍ ንጉሥ ማን ይፈራል?»

ልጆቹ ሳቁ፤ ነገሩ አለፈ። ናዲፋ ራትሪን በክርኗ ጎሰም አድርጋ ፈገግ አለችላት፤ አየሽ፣ ማለቷ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ መጣ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ መጣ። ምባህ ዊርዮ ጓዳው ውስጥ ነጭ ሸራ ወጥረው፣ መብራት አብርተው፣ ከግድግዳው ያወረዱትን ያለቀ ንጉሥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጥላውን አሳዩአቸው። ካሜራዎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። ራትሪም ካሜራዋን አነሳች። ያለ ማንገቻ ከእጇ ሊያመልጥ የሚል፣ የሰው ዕቃ የመሰለ ነገር ሆነባት። በመመልከቻው ውስጥ የንጉሡ ጥላ ሸራውን ሞልቶት ነበር። ከሥሩ የአሻንጉሊቱን መያዣ ዘንግ የያዘው የአያቷ እጅ ይታያል፤ ጅማቱ የተገታተረ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። አልተጫነችውም።

*

ምሳ መንገዱ ዳር ካለች ሩዝ ቤት ታዘዘ። ልጆቹ አግዳሚው ላይ እየተጋፉ ሲቀመጡ ራትሪ «የሌንሴን ክዳን ረሳሁ» ብላ ተነሳች። ክዳኑ ኪሷ ውስጥ ነበር።

ምባህ ዊርዮ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። የሠርግ ሸሚዛቸውን ገና አላወለቁም። ማንገቻውን ምሰሶው ላይ አዙረው፣ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ወዲህ ይጎትታሉ፣ ወዲያ ይለቃሉ፤ አጠገባቸው ሰም አለ። ራትሪ ልትጠራቸው ስትል ምሰሶውን አየችው። እሳቸው ሲቀመጡ ደረታቸው በሚደርስበት ከፍታ፣ እንጨቱን ዙሪያውን የከበበ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ቀለበት ነበር። የዛሬ ሥራ አይደለም። ለእሷ ከመስጠታቸው በፊት ቀናቸውን እዚህ ተቀምጠው ሲያሹት ሰንብተዋል። ቆዳው እምቢ ብሎ ምሰሶው ለስልሷል።

ቆማ ቀረች።

«በልተሻል?» አሉ ሳይዞሩ። የእግሯን ድምፅ ያውቁታል።

«አልበላሁም።»

«ሂጂ፣ ሩዙ ያልቅብሻል። ያ ቀልደኛ ልጅ የሚተውልሽ አይመስለኝም።»

«ምባህ» አለች። ማስኩን ወደ አገጯ አወረደችው። «ለምን አልሸጥኩላትም አላሉም?»

መጎተታቸውን አቆሙ። «እንግዳ በተሰበሰበበት?»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«አንቺ አንድ ነገር ተናግረሽ መጥተሻል። እኔ ምን ብዬ ላፍርስብሽ?» ማንገቻውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙን ቀቡት። «ደግሞ ልጅቷ አልዋሸችም። ደረቅ ነው። እኔም ስሠራው አንዳንዴ ይጠረጥረኝ ነበር። ግን ቆዳ ነው፣ ሰው ሲይዘው ይገራል አልኩ።»

ቢቆጧት በቀለላት ነበር። ሕፃን ሳለች ቀለም የደፋችባቸው ጊዜ ጆሮዋን ቆንጥጠው በነጋታው ረስተውት ነበር። አሁን ግን ድምፃቸው ውስጥ ምንም ቁጣ የለም፤ ፈልጋ አጣችው።

«ጥሩ ጓደኛ ይዘሻል» አሉ። «ለራሷ ቢሆን ኖሮ አትናገርም ነበር፣ አይቻታለሁ። ላንቺ ብላ ነው ሽማግሌ ፊት የደፈረችው።»

«አዎ» አለች ራትሪ። ፊቷን ወደ ጓሮው መለሰች።

«ሳምንት ስትመጪ ከቆዳ ፋቂዎቹ ጋ የለፋውን አስመጥቼ እጠብቅሻለሁ። ይሄ ለአውራ ዶሮው ማሰሪያ ይሆናል።» ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ ቢጤ መጣ። «እሱም ካላፈረበት።»

ራትሪ እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ።»

«ይልጥሻል እኮ።»

«ይስጡኝ፣ ምባህ።»

አዩአት። ከዚያ ካሜራዋን ተቀብለው ጠፍሩን በቀለበቱ አሾልከው ቋጠሩት። ከሥራ ጨርቃቸው ላይ አንድ ቁራጭ ቀደው አንገት የሚያርፍበትን ቦታ ጠቀለሉላት። እንደ በፊቱ ግን ራሳቸው አላጠለቁላትም። እጇ ላይ አስቀመጡላት። ራሷ አጠለቀችው።

*

«ለወጡልሽ?» አለች ናዲፋ ከሩቅ፤ አፏ ሩዝ እንደያዘ። ማንገቻውን ስታይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ያው ነው እንዴ? ጨርቅ ጠቅልለውበት መለሱልሽ?»

«ክሩፑክ ተጠቅልሎ ሲቀርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ ባጋስ።

ናዲፋ ተነሳች። «እንዲህማ አይደረግም። ቅድም ይቅርታ ብለው አሁን መልሰው ያታልሏታል? ቆይ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«ሽማግሌውን ተያቸው፣ ሻያቸውን ጠጥተናል እኮ» አለ ባጋስ። ናዲፋ ግን አግዳሚውን ተሻግራ ነበር።

ራትሪ መንገዷ ላይ ቆማለች። ዝም ካለች ናዲፋ ታልፋታለች፤ ያን በረንዳ ደግማ ትወጣለች፤ አያቷም ደግመው ጎንበስ ይላሉ። ይህን ማሰብ ሳይሆን ማየት ነበር የሆነባት።

«አብረን እንሂድ» አለች።

ጎን ለጎን ተራመዱ። ማንገቻው በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቋቋል፤ ሰሙም ጨርቁም ድምፁን አላጠፉለትም። ናዲፋ ምን እንደምትናገር እያሰናዳች ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀርከሃው ጋ ሲደርሱ ቡ ስሪ ከአጥሩ ወዲያ የቀረውን ልብስ እያሰጡ አገኟቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «ከተማ ገባሁ ብለሽ ሰላምታም ተውሽ? መቼ መጣሽ?»

ራትሪ አገጯ ላይ የቀረውን ማስክ አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

«ዛሬ ጠዋት ነው፣ ቡ ስሪ» አለች። «ቅድምም ሰምቼዎት ነበር።»

«እንዲያ በይኝ። አያትሽስ አዩሽ?»

ናዲፋ ቆመች። ከንፈሯም ቆመ።

«በወጉ ገና አላዩኝም» አለች ራትሪ። «አሁን ወደ በረንዳቸው እየሄድኩላቸው ነው።»

ማንገቻው ዝም አለ። ራትሪ ወደ ናዲፋ ዞረች፤ ዓይኗንም መሬት ላይ ሳታደርግ፣ እስክትጠይቃት ጠበቀቻት።